ከዋጋው በፊት ልኬቱ፦ በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ አጋዥ መቀመጫዎች ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት

ማዕድ ቀርቦ ቤተሰቡ በመሶቡ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ ከክፍሉ ጥግ በፍራሽ ላይ በጀርባው የተኛ የሦስት ዓመት ሕፃን የሚያየው ጣሪያውን ብቻ ነው። ሳቅ ይሰማል፤ ነገር ግን ማን እንደሳቀ ለማየት አንገቱን ማቅናት አይችልም። ሌሎቹ በልተው ሲነሡ እናቱ ጭንቅላቱን በክንዷ ደግፋ አጥሚቱን ታጠጣዋለች። ሕፃኑ ትን ባለው ቁጥር ትደነግጣለች፤ ምግቡም ሳያልቅ ይቀዘቅዛል።

እንዲህ ያለ ቤት በከተማም በገጠርም አለ። ለዚህ ሕፃን የጎደሉት ነገሮች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ከጎደሉት አንዱ ግን በሰፈሩ አናጺ እጅ ወይም ከተጣለ ካርቶንና ከዱቄት ሙጫ ሊሠራ የሚችል ነው፤ ለእርሱ አካል የተመጠነ መቀመጫ። መቀመጫው የሚሠራበት ቁሳቁስ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ጥቅም የሚሰጠው ግን በትክክል ሲለካ፣ በጥንቃቄ ሲሠራና ሕፃኑ ባደገ ቁጥር ሲስተካከል ነው።

አንዳንድ ሕፃናት መቀመጥ ለምን ያቅታቸዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባካሄደው የሕፃናት እንቅስቃሴ ዕድገት ጥናት መሠረት ጤናማ ሕፃናት በአማካይ በ6 ወር ዕድሜያቸው ያለ ድጋፍ መቀመጥ ይጀምራሉ። እስከ 9ኛው ወር ባለው ጊዜም ሁሉም ማለት በሚቻል ደረጃ ይቀመጣሉ። ይህ ጊዜ አልፎ መቀመጥ ያልቻለ፣ አንገቱን የማያቀና፣ አካሉ ከመጠን በላይ የሚወጠር ወይም እጅግ የሚላላ ሕፃን ሳይዘገይ በጤና ባለሙያ መታየት ይኖርበታል።

በሕፃንነት ከሚከሠቱ የእንቅስቃሴ ጉዳቶች መካከል በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ሴሬብራል ፓልሲ በመባል የሚታወቀው ነው። በማደግ ላይ ያለ አንጎል ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ሲጎዳ ይከሠታል። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ወቅት የሚያጋጥም የኦክስጅን እጥረት፣ ሳይታከም የቀረ ከባድ የጨቅላ ሕፃናት የቆዳና የዓይን ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር እና አንጎልን የሚያጠቃ ወባ ከመንሥኤዎቹ መካከል ናቸው። ጉዳቱ እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ስለዚህ ጉዳት ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ መሠረታዊ እውነት አለ። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ አይሄድም። እየተባባሰ የሚሄደው ጉዳቱ በጡንቻ፣ በጅማትና በአጥንት ላይ የሚያስከትለው ጣጣ ነው። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎን የሚተኛ ሕፃን አከርካሪው ሊጣመም ይችላል፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱም ታጥፎ ወይም ተወጥሮ ሊቀር ይችላል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ሕፃናት ከሦስቱ በአንዱ ገደማ የጭን አጥንት ከዳሌ መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ የመንሸራተት ችግር እንደሚያጋጥመው ጥናቶች ያመለክታሉ። አካልን በትክክል የሚደግፍ መቀመጫና በየሰዓቱ የሚለዋወጥ አቀማመጥ አንጎልን አያድንም፤ አካሉ እንዳይጣመም በሚደረገው ጥረት ግን ትልቅ ድርሻ አለው።

አያሌ ሕፃናት፣ ጥቂት መሣሪያዎች

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት እንዳሉ ገምቷል። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት የአጋዥ መሣሪያዎች ሪፖርት ደግሞ ከ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸውና ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት እንደማያገኙ ተገልጿል። በአንዳንድ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መሣሪያው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል የሚያገኙት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውንም ሪፖርቱ አመልክቷል።

በፋብሪካ የተሠሩ የሕፃናት አጋዥ መቀመጫዎች ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። በልግስና የሚገኙትም ቢሆኑ ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆኑም። ለአዋቂ በተሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሕፃን እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ትከሻው ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተሽከርካሪ ወንበር አቅርቦት መመሪያ፣ ወንበር ከተጠቃሚው አካል፣ ከፍላጎቱና ከሚኖርበት አካባቢ ጋር ሊስማማ እንደሚገባ ያስገነዘበው በዚህ ምክንያት ነው። የማይመጥን ወንበር ውድ ቢሆንም ይጎዳል፤ የሚመጥን ወንበር ርካሽ ቢሆንም ይጠቅማል።

መሠረቱ ዳሌ ነው

ግንበኛ ግድግዳ ከማቆሙ በፊት መሠረት እንደሚጥል ሁሉ፣ ሕፃንን በአግባቡ ማስቀመጥም የሚጀምረው ከዳሌ ነው። ዳሌው ወደ ኋላ ከተንከባለለ ወገብ ይጎብጣል፤ ወገብ ሲጎብጥ ደረት ይጨመቃል፤ ጭንቅላት ይዘነበላል፤ ዓይንም ወደ መሬት ይወርዳል። ብዙ ወላጆች ጭንቅላቱ የወደቀ ሕፃን ሲያዩ በቅድሚያ የሚያስቡት አንገቱን መደገፍ ነው። ዳሌው ሳይስተካከል የሚደረግ የአንገት ድጋፍ ግን መሠረቱ የተናጋ ቤት በጣሪያው በኩል እንደመጠገን ነው።

በመነሻነት የሚመከረው አቀማመጥ ዳሌው ከወንበሩ ጀርባ ጋር ተጠግቶ፣ ጭኑ ከወገቡ ጋር ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱም በተመሳሳይ ሁኔታ ታጥፈው፣ የእግሩ መዳፍ ሙሉ በሙሉ በመርገጫ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህ ግን ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚሠራ ቋሚ ሕግ አይደለም። መገጣጠሚያው አስቀድሞ የደረቀበትን ሕፃን በግድ ወደዚህ ቅርጽ ማምጣት ሕመም ያስከትላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚስተካከለው ወንበሩ እንጂ ልጁ አይደለም።

አካሉ ወደ ኋላ የሚወጠር ሕፃን ጭኑ በደንብ ታጥፎ ሲቀመጥ ውጥረቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የወንበሩን የፊት ጠርዝ ከኋላው ጥቂት ከፍ ማድረግ ይረዳዋል። አካሉ የሚላላ ሕፃን በበኩሉ ከጎንና ከደረት ድጋፍ ይፈልጋል። ወንበሩን ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ማዘንበል ለጊዜው ጭንቅላቱን ቢያሳርፍለትም፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ይመልሰዋል።

ዳሌው ሲጸና የሚገኘው ለውጥ ከመቀመጥ በላይ ነው። ወድቆ እንዳይቀር አካሉን ለመደገፍ ይጠቀምባቸው የነበሩት እጆች ነጻ ይሆናሉ፤ መጨበጥ፣ መንካትና መጠቆም ይጀምራሉ። ጭንቅላቱ ሲቀና የሰውን ፊት ያያል፤ ያየውን ሊለይና ድምፅ አውጥቶ ሊጣራ ይሞክራል። ሕፃን ልጅ ዓለምን የሚማረው በጨዋታ ነውና፣ መቀመጫው የመጀመሪያው የትምህርት መሣሪያው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አምስቱ ልኬቶች

ለአንድ ሕፃን መቀመጫ ለመሥራት ባለሙያዎች በዋነኛነት አምስት ልኬቶችን ይወስዳሉ። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ወረቀትና ልጁን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ አንድ ረዳት ነው።

የመጀመሪያው ጥልቀት ነው፤ ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ ጓዳ ያለው ርቀት ይለካል። ከዚህ ልኬት ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል። ለምሳሌ ልኬቱ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የወንበሩ ጥልቀት 21 ወይም 22 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥልቀቱ ከበዛ ጠርዙ የጉልበቱን ጓዳ ስለሚገፋው ልጁ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ዳሌውም ይንከባለላል። በቤት ውስጥ በሚሠሩ ወንበሮች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ስሕተት ይህ ነው።

ሁለተኛው ስፋት ነው። የዳሌው ሰፊ ክፍል ተለክቶ ለልብስ ያህል ጥቂት ይጨመርበታል። ልጁ ያድጋል በሚል ሰፊ ወንበር መሥራት ለጫማ እንጂ ለመቀመጫ አይበጅም። ልጁ በሰፊው ወንበር ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል፤ አከርካሪውም ያንን ጥመት ይለምዳል። ይልቁንም ጥቂት ሰፋ ያለ ወንበር ተሠርቶ በግራና በቀኝ የሚወጡና የሚገቡ ስፖንጆች ቢደረጉበት፣ ልጁ ሲያድግ ስፖንጁን እያሳነሱ ወንበሩን ማቆየት ይቻላል።

ሦስተኛው ከጉልበት ጓዳ እስከ ተረከዝ ያለው ርዝመት ሲሆን የእግር መርገጫውን ከፍታ ይወስናል። አራተኛው ከመቀመጫ እስከ ትከሻ ያለው ከፍታ ነው፤ አንገቱን ማቅናት ለማይችል ሕፃን ልኬቱ እስከ ጭንቅላቱ አናት ይወሰዳል። አምስተኛው ከመቀመጫ እስከ ታጠፈ ክርን ያለው ከፍታ ሲሆን፣ ከፊቱ የሚቀመጠው ገበታ የሚያርፍበትን ቦታ ያመለክታል። ገበታው ክርኖቹን አሳርፎ እንዲጫወትና እንዲበላ ያስችለዋል፤ ጀርባው እንዲቀናም ይረዳዋል።

ጭኖቹ እርስ በርስ ለሚጠላለፉበት ሕፃን በመካከላቸው፣ ወደ ጉልበቱ ቀረብ ብሎ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ማገጃ ይደረጋል። የዚህ ማገጃ ተግባር ጭኖችን አራርቆ መያዝ ነው። እንዳይንሸራተት ብሎ ወደ ብሽሽቱ ማስጠጋት ሕመምና ቁስል ያመጣል። መንሸራተትን የሚከለክለው የዳሌ ቀበቶ ነው። ቀበቶው በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌው ፊት ለፊት ያልፋል፤ ከወንበሩ ጋር የሚታሰረውም ወደ ኋላና ወደ ታች ተስቦ፣ ከመቀመጫው ጋር ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ አቅጣጫ ነው።

ከዚምባብዌ እስከ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ እስከ ኒው ዮርክ

ከወዳደቀ ነገር ጠንካራ መቀመጫ መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በዚምባብዌ ቤቪል ፓከር የተባሉ መምህር ያገለገለ ካርቶን፣ ጋዜጣና ከዱቄት የተዘጋጀ ሙጫ ብቻ በመጠቀም ወንበርና ጠረጴዛ የመሥራት ዘዴ አዳብረው አስተምረዋል። ዘዴው በኋላ በሌሎች አገሮች ተስፋፍቶ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት መቀመጫና መቆሚያ ማዘጋጃ ሆኗል።

በሜክሲኮ ሲናሎዋ ግዛት አሆያ በተባለች የገጠር መንደር እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው ፕሮሂሞ የተሰኘ ፕሮጀክት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ማዕከሉን ያንቀሳቅሱት የነበሩት ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ፕሮጀክት ጋር የሠሩት ዴቪድ ቨርነር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ስለ አካል ጉዳተኛ የገጠር ሕፃናት የተጻፈ መመሪያ መጽሐፍ በቀላል ሥዕሎች የተሞላ ነው። በብዙ አገሮች የማኅበረሰብ ተሐድሶ ሠራተኞች ሲጠቀሙበት ቆይተዋል።

ካርቶን ለድኻ አገር ብቻ የተተወ ቁሳቁስ እንዳልሆነ የሚያሳየው በኒው ዮርክ ከተማ የሚሠራው ሥራ ነው። አሌክስ ትሩስዴል የመሠረቱት አዳፕቲቭ ዲዛይን አሶሲዬሽን የተባለ ድርጅት ከወፍራም ካርቶን ለእያንዳንዱ ሕፃን በልኩ መቀመጫ ይሠራል። መሥራቿ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የማክአርተር ፌሎሺፕ ተሸልመዋል። ፋብሪካ ሠራሽ ወንበር እንደልብ በሚገኝበት ከተማ ካርቶን የተመረጠው በልክ ለመቁረጥና በፍጥነት ለማሻሻል ስለሚመች ነው።

ካርቶን እንዴት ወንበር ይሆናል?

የካርቶን ጥንካሬ ያለው በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ባለው ሞገድ ውስጥ ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደት ይሸከማል፤ ሲጋደም ግን በቀላሉ ይታጠፋል። ስለዚህ ካርቶኖቹ ሲደራረቡ የአንዱ ሞገድ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን እየሆነ፣ አንዱ ሌላውን እንዲያቋርጥ ተደርጎ ይጣበቃል። ክብደት በሚያርፍባቸው የወንበሩ ጎኖች ላይ ደግሞ የሚበዙት ሞገዶች ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ይደረጋል።

ሙጫው የሚዘጋጀው የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ እስኪወፍር ድረስ በማብሰል ነው። ካርቶኖቹ ከተጣበቁ በኋላ እንዳይጣመሙ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተደርገው ከላያቸው ክብደት ይጫንባቸዋል። ክፍሎቹ ተቆርጠው ከተገጣጠሙ በኋላ መጋጠሚያዎቹና ጠርዞቹ ሁሉ በሙጫ በተነከሩ የወረቀት ቁራጮች ደጋግመው ይለበጣሉ። የወንበሩን ክፍሎች እንደ አንድ አካል የሚያስተሳስረው ይህ ልባጥ ነው።

የሚቀረው ትዕግሥት ነው። ያልደረቀ ወንበር ውስጡ ይሻግታል፤ ጥንካሬም አይኖረውም። ሥራው በበጋ ወራት ቢከናወን የጸሐይ ሙቀት ያግዘዋል፤ በክረምት ግን ለመድረቅ ብዙ ቀናት ይፈልጋል። በሚገባ ከደረቀ በኋላ ውኃና ሽንት እንዳይገባበት በቫርኒሽ ወይም በቀለም ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል። ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ ቀለሙ የእርሳስ ንጥረ ነገር የሌለበት ሊሆን ይገባዋል። ልጁ ከመቀመጡ በፊትም አንድ አዋቂ ሰው ተቀምጦበት ጥንካሬው ይፈተሻል።

የካርቶን ወንበር ድክመቶችም አሉት። ውኃና እሳት ጠላቶቹ ናቸው፤ ምድጃ አጠገብ ሊቀመጥ አይገባም። ክብደቱ ለከበደ ወይም ኃይለኛ ውጥረት ላለበት ልጅ በእንጨት የተሠራ ወንበር ይሻላል። በሰፈር እንጨት ቤት ቁርጥራጭ ጣውላ፣ ኮምፔርሳቶና ስፖንጅ ካለ፣ ልኬቱን በወረቀት ላይ ያገኘ አናጺ ወንበሩን ለመሥራት አይቸገርም። እንጨትም ሆነ ካርቶን፣ ወንበሩ እንዳይገለበጥ ከታች ሰፋ ብሎ መሠራት አለበት።

ወንበር ብቻ አይበቃም

የተሻለ የተባለው አቀማመጥም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከቆየ ይጎዳል። ጤናማ ሕፃን በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ ማስተዋል በቂ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሕፃን ይህንን የሚያደርግለት ሰው ያስፈልገዋል።

በጎን ማስተኛት አንዱ አማራጭ ነው። ከጀርባው ትራስ፣ ከጉልበቶቹ መካከል የተጠቀለለ ጨርቅ ይደረግለታል። በጀርባው ሲተኛ ተዘርግተው የነበሩት እጆቹ ከፊቱ ስለሚገናኙ መጫወቻ ለመያዝ ይመቹታል። ሌላው በደረቱ ማስተኛት ነው። የተጠቀለለ ጋቢ ከደረቱ ሥር ተደርጎ እጆቹ ወደ ፊት ሲዘረጉ አንገቱን ለማንሣት ይለማመዳል። ይህ ግን ልጁ ነቅቶ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ነው፤ የመተንፈስ ችግር ላለበት ሕፃን ያለ ባለሙያ ምክር አይሞከርም። የመቆሚያ መሣሪያም እንዲሁ የሚጀመረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካየው በኋላ ነው።

የአገሬው አንቀልባም በዚህ ረገድ የሚናቅ አይደለም። በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን ጭኖቹ ተራርቀው፣ ደረቱ ተደግፎ፣ ዓለምን በእናቱ ዓይን ከፍታ ያያል። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ሲከብድና የእናቱ ወገብ ሲደክም ነው። ብዙ ልጆች ከጀርባ ወርደው በፍራሽ ላይ የሚቀሩት በዚህ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መቀመጫ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአበው ብሂል ለጅማትና ለመገጣጠሚያ ቃል በቃል ይሠራል።

በምግብ ሰዓት

መቀመጫ ሕይወትን የሚታደግበት አንዱ ሰዓት የምግብ ሰዓት ነው። በጀርባው ተኝቶ ወይም አንገቱ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚመገብ ሕፃን ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ይችላል። ምግብና ፈሳሽ በተደጋጋሚ ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያስከትላል። በአንዳንድ አካባቢ ሕፃንን በጭን አስተኝቶ በመዳፍ አጥሚት የማጠጣት ልማድ፣ የመዋጥ ችግር ላለበት ልጅ እጅግ አደገኛ ነው።

ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩ ጥቂት ወደ ደረቱ ተጠግቶ፣ መጋቢው ከፊት ለፊቱ በዓይኑ ከፍታ ልክ ሲቀመጥ መዋጥ ይቀልለዋል። መጋቢው ከላይ ቆሞ ቢያጎርሰው ልጁ ቀና ስለሚል አንገቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጉርሻው ትንሽ፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይጨመርም። ከምግብ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ ቢቆይ ይመረጣል። ሲመገብ ሁልጊዜ የሚያስለው፣ ትንፋሹ የሚንኮራኮር ወይም ክብደቱ የማይጨምር ሕፃን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።

ሊታለፉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ሕፃን በመቀመጫው ላይ ለብቻው አይተውም። የደረት ቀበቶ ካለ ልጁ ሲንሸራተት አንገቱን እንዳያንቀው፣ የዳሌው ቀበቶ አስቀድሞ መታሰር አለበት። ቀበቶ ለድጋፍ እንጂ ልጁን አስሮ ለማቆየት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ አስቀምጦ ጊዜውን ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል።

ከወንበር ከተነሣ በኋላ ቆዳው ይታያል። በመቀመጫው፣ በጉልበቱ ጓዳና በአከርካሪው ላይ ቶሎ የማይጠፋ ቅላት ከታየ ወንበሩ አንድ ቦታ ላይ እየተጫነው ነው ማለት ነው። በኅብለ ሰረሰር ክፍተት የተወለዱ ሕፃናት ከወገባቸው በታች ሕመም ላይሰማቸው ስለሚችል፣ ለእነርሱ ለስላሳ ስፖንጅና የዕለት ተዕለት ምርመራ ግዴታ ነው።

ወንበሩ መመጠኑን ካቆመ ልጁ ራሱ ይናገራል፤ ይንሸራተታል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ በተቀመጠ ቁጥር ያለቅሳል። ትንንሽ ሕፃናት ፈጥነው ስለሚያድጉ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ዳሌውን ሲነኩት የሚያምመው፣ አንድ እግሩ ከሌላው ያጠረ የሚመስል፣ አከርካሪው የሚጣመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን ደግሞ ከወንበሩ አስቀድሞ ሐኪም ይፈልጋል።

ማን ምን ያድርግ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የ50 ቅድሚያ የሚሰጣቸው አጋዥ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አካልን የሚደግፉ ተሽከርካሪ ወንበሮችና የመቆሚያ መሣሪያዎች ተካትተዋል።

ሙያውም በአገር ውስጥ እያደገ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ትብብር በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። ሙያው ሰዎች መብላት፣ መልበስ፣ መጫወትና መማርን የመሳሰሉ የዕለት ተግባራትን እንዲያከናውኑ የሚያግዝ ነው። በባሕር ዳርና በደሴ የሚገኙት የአካል ተሐድሶ ማዕከላትም ወላጆች ልጃቸውን አሳይተው ምክር ሊያገኙባቸው ከሚችሉ ተቋማት መካከል ናቸው።

በእነዚህ ተቋማትና በሩቅ ቀበሌ ባለች እናት መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብ ሰንሰለት ግን ያስፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ በ9 ወሩ ያልተቀመጠውን ሕፃን ትለያለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አካሉን መርምሮ አምስቱን ልኬቶች ይወስዳል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ክፍል ወይም የሰፈሩ አናጺ ወንበሩን ይሠራል። ወላጆች በቤታቸው ይጠቀሙበታል፤ ያዩትንም ጉድለት ለባለሙያው ይመልሳሉ። ለእያንዳንዱ ድርሻ የሚሆን ሰው በየአካባቢው አለ፤ የሚቀረው እነዚህ ሰዎች እንዲተዋወቁ ማድረግ ነው።

የመቀመጫው ፋይዳ በመጨረሻ የሚለካው በሴንቲ ሜትር አይደለም። ቀድሞ ከጥግ ተኝቶ ጣሪያ ያይ የነበረው ሕፃን በልኩ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ መሶቡ ሲጠጋ፣ እናቱ ምግቡን የምታበላው ከሌሎቹ ልጆቿ ጋር አብራ እየበላች ነው። ታላቅ እኅቱ ታጎርሰዋለች፤ ጎረቤት ሲገባ ዓይኑን አንሥቶ ያያል። የማኅበራዊ ሕይወቱ ጅምር ይህ ነው። ዕድሜው ደርሶ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድም የሚጀምረው ከዚያው ነው።